የድሮ ሱፐር ካር በደጋ አየር፦ ለዝግ ትራክ እንዴት ይዘጋጃል?

የድሮ ሱፐር ካር ትራክ ላይ በአብዛኛው የሚጎዳው ከፍጥነቱ ይልቅ በሙቀት ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማው ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ሱሉልታ ከዚያም በላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ይኸው ስስ አየር ራዲያተሩንም ሆነ ፍሬኑን እንደ ቆላ አየር አያቀዘቅዝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ስለቆነጠጠ ብቻ «መኪናው አይግልም» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከዚህ በታች ያለው በዋናነት ሞተራቸው መሀል ላይ ለሆነ፣ እንደ ፌራሪ 308 ላሉ ባለካርቡሬተር መኪኖችና በአየር ለሚቀዘቅዙት የፖርሽ 911 ሞዴሎች የሚሆን ነው። አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ያለውም ሰው አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

ቦታው

ባዶ የሪል ስቴት ውስጥ መንገድ ወይም ሌሊት ጭር የሚል አስፋልት ትራክ አይደለም። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድማ ጭራሽ አይታሰብም። የሚያስፈልገው በር ያለው፣ ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደው፣ በዕለቱ ሌላ ተሽከርካሪ የማይገባበት አስፋልት ነው። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩና ሰበታ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ፈቃድ የሚጠየቀው እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የተገኘ ወረቀት አይበቃም።

ማንም ሞተር ሳያስነሳ ዙሩን በእግር ሂዱበት። ገልባጭ መኪና በጎማው ያመጣው ጭቃ፣ የተበተነ ጠጠር፣ የዘይት ጠብታ ካለ ይጠረግ። ከመታጠፊያው ውጭ ያለውን ደግሞ በደንብ እዩ፦ ክፍት ቦይ፣ የድንጋይ ካብ ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ካለ ከዚያ መታጠፊያ በፊት ኮን ደርድራችሁ መኪናው በሁለተኛ ማርሽ እንዲያልፍ አድርጉ። በየጥጉ ባንዲራ የያዘ ሰው ይቁም። በከተማ ዳር በግ፣ አህያና ውሻ ሳይታሰብ ይገባል፤ የባንዲራው ሰው ዋና ሥራም ይህን ማየት ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 እና የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 ወረቀት ላይ ተጽፈው በሩ ላይ ይለጠፉ።

ፍሬን

ለዝግጅት ያላችሁ ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ቀኑን በሙሉ ለፍሬን ስጡት። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ እርጥበት ሲገባው ግን ይህ ወሰን እስከ 155 ይወርዳል። ዲስክና ሸራው በተደጋጋሚ ሲግሉ ሙቀቱ ሸራውን ዲስኩ ላይ ወደሚጨምቀው ካሊፐር ይተላለፋል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርድና መኪናው አይቆምም። መኪናው ዓመቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ቢከርምም ዘይቱ ያረጃልና በየዓመቱ፣ ትራክ ከመውጣታችሁ በፊት ቀይሩት።

1 ሊትር ይበቃል። ሶማሌ ተራ ስትገዙ የቆርቆሮው ክዳን ያልተከፈተና ማሸጊያው ያልተነካ መሆኑን እዩ። ባለፈው ዓመት ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ግማሽ ቆርቆሮ አትጠቀሙበት። ዶት 5 የተባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም፤ ዶት 5.1 ግን ይቀላቀላል።

አየር የማስወጣቱ ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ ይቀመጣል፤ ሌላው የማስወጫዋን ቡሎን ቁልፍና ጠርሙስ ውስጥ የተነከረ ግልጽ ላስቲክ ይዞ ጎማው ጋ ይንበረከካል። የመኪናው መመሪያ ሌላ ካላለ ከፍሬን ፖምፓው በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። «ርገጥ» ሲባል ላይ ያለው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይረግጥና ይይዛል፤ የታችኛው ቡሎኑን ሩብ ዙር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ «ልቀቅ» ይላል። ቡሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ የሚወርደው ቡና የመሰለ ነው፤ ቀጥሎ ትንንሽ አረፋ ይመጣል፤ ጠራ ያለ፣ አረፋ የሌለው ዘይት ሲወርድ ወደሚቀጥለው ጎማ እለፉ። በየአራት አምስት ርግጫው ላይኛው ዕቃ ውስጥ ያለው ዘይት እንዳያልቅ ሙሉት፤ ካለቀ ሥራው እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ብዙ መካኒክ የሚዘነጋው ነገር አለ። በአሮጌ መኪና ፔዳሉን እስከ ወለል አትርገጡ። የፖምፓው ጎሚኒ ለዓመታት ያልደረሰበት የሲሊንደሩ ጫፍ ዝጓል፤ ድንገት እዚያ ሲደርስ ጎሚኒው ይቆረጣል፣ ፖምፓውም በማግስቱ ማፍሰስ ይጀምራል። ከፔዳሉ ሥር 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው እንጨት አስቀምጡ።

የፍሬን ላስቲኮቹም ይታዩ። ከውጭ ጤነኛ መስለው ውስጣቸው ያበጠ ላስቲኮች ግፊቱን ያሳልፋሉ እንጂ አይመልሱም፤ ፍሬኑ ሳይረገጥ ይይዛል። አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኼ ነው። ዕድሜው የማይታወቅ ላስቲክ ሳይፈተሽ ይቀየር። የፍሬን ሸራው ውፍረት ከግማሽ በታች ከሆነም አትውጡ፤ ስስ ሸራ ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ዘይቱ ያሳልፋል።

ውሃና ክዳን

በ2,400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲያልፍ የሚከፍተው ቴርሞስታት በ80ዎቹ ውስጥ ስለሚከፈት ክዳኑ ግፊት ካልያዘ የሚተርፋችሁ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለ ግን ውሃው እስከ 115 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ስለዚህ ርካሹ የራዲያተር ክዳን እዚህ ከማንም በላይ ዋጋ አለው። ጎሚኒው ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ቀይሩት፤ የተጻፈበት ግፊትም መኪናው የመጣበት ይሁን። ከፍ ያለ ግፊት ያለው ክዳን አሮጌ ቱቦ ያፈነዳል።

ማቀዝቀዣው ግማሽ ውሃ፣ ግማሽ አንቲፍሪዝ ይሁን። «እዚህ አገር በረዶ የለም» ተብሎ የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት የአሉሚኒየም ሞተርን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ራዲያተራቸው ፊት፣ ሞተራቸው ኋላ በሆኑ መኪኖች ረጅሙ ቱቦ ውስጥ አየር ይታሰራል፤ በማስወጫው ቡሎን አየሩ ወጥቶ ውሃ ብቻ እስኪፈስ ድረስ አስተንፍሱት። ቬንትሌተሩ በትክክለኛው ሙቀት መነሳቱን ጋራዥ ውስጥ ቆማችሁ አረጋግጡ።

ነዳጅ፣ ካርቡሬተርና እሳት

ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 ከመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። የአውሮፓው ባለካርቡሬተር 308 የተጻፈለት 255 የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 195 ይወርዳል። ይህን በከፍተኛ ዙር ለማካካስ መሞከር ሞተሩን ማሠቃየት ነው።

ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በእኛ ከፍታ ከሚገባው ከ10 ከመቶ በላይ የበዛ ነዳጅ ይሰጣል። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ሲረገጥ የሚንተባተብ ሞተር ምልክቶቹ ናቸው። የበዛው ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት እያጠበ ከሞተር ዘይቱ ጋር ስለሚቀላቀል ነገሩ የጭስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መፍትሔው ዋናውን ጄት፣ ማለትም ነዳጁ የሚያልፍበትን ባለቁጥር ትንሽ የነሐስ ቡሎን፣ በ5 ከመቶ ገደማ ማሳነስ ነው፤ 130 ካለ 125 ይሞከራል። ጥቂት ዙር በሙሉ ጉልበት ከነዳችሁ በኋላ ሞተሩን አጥፉና ሲበርድ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩት። ቀላ ያለ ቡናማ ጥሩ ነው፤ ጥቁር ገና በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ ፒስተን ከመቃጠሉ በፊት ጄቱን መልሱ። በዚህ ጄት ወደ አዋሽ ቆላ አትውረዱ፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ነዳጁ ያንሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የመጡት ባለኢንጀክሽን 308ዎች ጄት የላቸውም፤ እነሱ የነዳጅ ግፊታቸው በጌጅ ተለክቶ ነው የሚስተካከሉት።

ዝቅተኛው የአየር ግፊት ቤንዚንንም በቶሎ ያስተናል። ቆሞ የጋለ ሞተር አልነሳ ሲል ነዳጁ ተንኖ ነው፤ የሞተሩን ኮፈን ከፍታችሁ አስር ደቂቃ ጠብቁ። ስታስነሱም ነዳጅ መስጫውን ግማሽ ረግጣችሁ ያዙ እንጂ ደጋግማችሁ አትምቱት።

የነዳጅ ላስቲክ ነገር ደግሞ ቀልድ የለበትም። ሞተሩ መሀል በሆነ መኪና ከተቀደደ ላስቲክ የሚንጠባጠብ ቤንዚን በቀጥታ የጋለ የጭስ ቱቦ ላይ ይወርዳል። ሁሉንም ለቤንዚን በተፈቀደ ላስቲክ ቀይሩ፤ የውሃ ላስቲክ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል። ቢያንስ 2 ኪሎ የእሳት ማጥፊያ በብረት መያዣ፣ ቀበቶ እንደታሰረ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር። ላዩ ላይ ያለው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑን ጠዋት እዩ።

የ308 ታይሚንግ ቺንጋዎች፣ ማለትም የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስተካክሉት ቺንጋዎች፣ ኪሎ ሜትር ባይቆጥሩም በዕድሜ ይደክማሉ። ከ3 እስከ 5 ዓመት ካለፋቸው ሳይቀየሩ ትራክ አትግቡ፤ ከተበጠሱ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ።

ጎማ

ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፦ 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019፣ 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከ6 ዓመት በላይ የሆነው ላስቲክ ደርቋልና ለትራክ አይሆንም። ለሚኒባስ የተሠራ 14 ኢንች ጎማ ቸርኬው ላይ ስለገጠመ ብቻ አይታሰርም፤ ጎኑ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ወሰን ፊደል አይፈቅድም። ንፋሱን ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ ሙሉ፤ ጌጅ የራሳችሁን ያዙ፣ ጎሚስታ ቤት ያለው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ጎማው ሲግል በየ5 ወይም 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይጨምራል። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ከጠዋቱ ልክ በላይ 5 ፒኤስአይ ገደማ እስኪሆን አስተንፍሱ፤ ወደ ቤት ከመነሳታችሁ በፊት ሙሉት።

በዕለቱ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ጀምሩ፤ ከ6 ሰዓት በኋላ አስፋልቱም ይግላል፣ ንፋሱም አቧራ ያመጣል። ከክረምቱ በኋላ ጥላ ያለበት መታጠፊያ እስከ ረፋድ ጤዛ ይይዛል።

የሞተሩ ዘይት 80 ዲግሪ ሳይደርስ ሞተሩን በደቂቃ ከ3,500 ዙር አታሳልፉ። 308 ሲበርድ ሁለተኛ ማርሽ አይገባም፤ አታስገድዱት፣ የካምቢዮው ዘይት እስኪሞቅ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ እለፉ። አንድ መውጫ ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፦ አንድ ዙር ማሟሟቂያ፣ ጥቂት የፈጠኑ ዙሮች፣ የመጨረሻው ፍሬን ሳይነካ ማብረጃ። ረጅም መታጠፊያ ላይ የዘይት ግፊቱ መርፌ ከወደቀ ዘይቱ ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ወዲያው እግራችሁን አንሱ፣ ዘይቱንም ከላይኛው ምልክት እኩል ሙሉ። በ911 ግን መታጠፊያ መሀል ነዳጅ ድንገት መልቀቅ ክብደቱ ያለበትን የኋላውን ጎን ያስወጣዋል፤ ፍጥነቱን ቀድማችሁ ቀጥታው ላይ ጨርሱ።

ስትገቡ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፤ የጋለ ዲስክ ላይ የተጣበቀ ሸራ ዲስኩን ያጣምማል። ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት አድርጉ። የራዲያተሩ ክዳን ሳይበርድ አይከፈትም። ከመጀመሪያው መውጫ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹ ሲበርዱ በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ ይታዩ።

ወደ ቤት በጫኝ መኪና መመለስ ይሻላል፤ ከሱሉልታ በእንጦጦ የሚወርደው ቁልቁለት የደከመ ፍሬን አይወድም። በማግስቱ የሞተሩን ዘይት አሽትቱ፦ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ይቀየር፣ ጄቱም እንደገና ይታይ። የፍሬን ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነ ከሚቀጥለው መውጫ በፊት ዳግም አስወጡት፤ ፔዳሉ ጠንካራ ቢመስልም።