«በዘር የመጣ አይመለስም»፦ ስለ ዘር፣ ስለ ምግብና ስለ ስኳር በሽታ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር ከተማ የስኳር ሕሙማን ለክትትል በሚመጡበት ቀን፣ ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ወግ ያዳመጠ ሁለት ተቃራኒ ንግግሮችን ሳይሰማ አይመለስም። አንዱ «እናቴም ስኳር ነበረባት፤ በዘር የመጣ አይመለስም» ይላል፤ ሌላው «በዘራችን የለም፤ ጣፋጭ አብዝቼ ነው» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል፤ የሚሳሳቱት ዘርና ምግብ ተለያይተው የሚሠሩ ስለሚመስላቸው ነው። ዘረ መል ሰውነት የተበላውን እንዴት እንደሚቀበል፣ ትርፉን የት እንደሚያከማችና ቆሽት የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን ምን ያህል ሊያመነጭ እንደሚችል በከፊል ይወስናል፤ ያ ዝንባሌ ተዳፍኖ ይቅር ወይም ይቀጣጠል የሚለውን ግን በአብዛኛው የሚወስኑት ምግቡና አኗኗሩ ናቸው።

ዘርን እንደ ፍርድ መቁጠር

በብዙ አዋቂዎች ላይ የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ከአንድ ዘረ መል የሚመጣ አይደለም። እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የዘረ መል ልዩነቶች ተደምረው ለበሽታው ያጋልጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጎልቶ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ2006 (ከዚህ በታች በቁጥር የተጻፉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአይስላንድ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው ቲ.ሲ.ኤፍ.7.ኤል.2 የተባለው ሲሆን፣ የቆሽትን ኢንሱሊን የማመንጨት አቅም ያዳክማል። በአሜሪካ የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ነገር ግን ገና ያልታመሙ 3,234 ሰዎችን ይዞ በ2002 ውጤቱን ያወጣ ጥናት፣ ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የጣሩት ሰዎች የመታመም ዕድላቸው በ58 በመቶ፣ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር ክኒን የወሰዱት ደግሞ በ31 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ኋላ ዘረ መላቸው ሲመረመር፣ የቲ.ሲ.ኤፍ.7.ኤል.2ን አጋላጭ ልዩነት ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሰዎች ምንም ሳይለውጡ ሲቀሩ ከሌሎቹ ይልቅ ይታመሙ እንደነበር፣ አኗኗራቸውን የለወጡት ግን ያን ተጨማሪ አደጋ በአብዛኛው ማስወገዳቸው ታየ። ስለዚህ የእናት ስኳር ልጇን ቶሎ እንዲመረመር እንጂ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ አያደርገውም።

የውፍረትም ነገር እንዲሁ ነው። በ2007 ከውፍረት ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ኤፍ.ቲ.ኦ. የተባለው ዘረ መል፣ አጋላጩን ልዩነት ከሁለቱም ወላጆች በወረሰ አዋቂ ላይ በአማካይ የሚጨምረው 3 ኪሎ ያህል ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው የፍስክ ወቅት ይህን ያህል የሚጨምር ሰው አይጠፋም።

የማእድ ውርስን ከደም ውርስ ጋር ማምታታት

ወላጅ ለልጁ ዘረ መል ብቻ አያወርስም። የሻዩን ስኳር፣ የወጡን ጨውና ዘይት፣ «ብላ፣ አንዲት ጉርሻ» እየተባለ የሚጨመረውን እንጀራ ሁሉ ልጁ ከዚያው ማእድ ይማራል። «በቤተሰባችን ያለ ነው» ሲባል ከዘሩ ይልቅ ድስቱ የተወራረሰበት ቤት ብዙ ነው።

ሁለቱን ለይቶ ለማየት ከጎንደር ምድር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በወለቃ፣ በአምቦበርና በሌሎችም መንደሮች ሲያርሱ፣ ሸክላ ሲሠሩና ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1984 እና በ1991 በተካሄዱት ሁለት ታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሲገቡ፣ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ብርቅ ነበር። በዓመታት ውስጥ ግን በሽታው በፍጥነት ተስፋፋባቸው፤ ከሌላው የአገሩ ሕዝብም ይልቅ በወጣትነትና ባነሰ ክብደት ይታመሙ ጀመር። ዘረ መል በጥቂት ዓመታት አይለወጥም። የተለወጠው ከቀን ሙሉ ሥራና ከእግር መንገድ ወደ መቀመጥ፣ ከጥራጥሬና ካልተፈተገ እህል ወደ ነጭ ዱቄትና ጣፋጭ መጠጥ የተሻገረው ኑሮ ነው። ባነሰ ክብደት መታመማቸው ደግሞ ዘር ወይም የልጅነት ኑሮ የራሱ ድርሻ እንዳለው ያመለክታል። ከደምቢያ ወይም ከወገራ ገጠር ወጥቶ ጎንደር ከተማ አዘዞ ወይም ማራኪ የገባ፣ ቂንጬውንና በሶውን በዳቦና በለስላሳ መጠጥ የተካ ወጣትም ባሕር ሳይሻገር ያንኑ ጉዞ እየተጓዘ ነው።

ስኳርን የወፍራምና የባለጸጋ በሽታ አድርጎ ማየት

በእኔ ግምት ለእኛ አካባቢ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። በጎንደር ዙሪያ ካሉ ገጠሮች ወደ ሐኪም ቤት ከሚመጡት የስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣት፣ ቀጭንና ድሃ ገበሬዎች ናቸው። ከዚሁ ከጎንደር በ2009 የወጣ ጥናትም ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው የገጠር ሕሙማን ከድህነትና ከችግር ኑሮ ጋር መያያዛቸውን አሳይቶ፣ ከምግብ እጥረት የሚመጣ የስኳር በሽታ ጉዳይ ዳግም እንዲታይ ጠይቆ ነበር። ጉዳዩ «ዳግም» የተባለው የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ዓይነት በሽታ በ1985 መድቦት ሳለ በ1999 ከዝርዝሩ ስላወጣው ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ዕውቅና እስኪሰጠው ድረስ እነዚህ ሕሙማን ከ1999 ወዲህ የራሳቸው ስም አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ዘርና ምግብ የሚገናኙት ከተለመደው በተቃራኒ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከመትረፍረፍ ሳይሆን ከማጣት ነው። በማኅፀን ወይም በሕፃንነቱ የተራበ ሰው ቆሽቱ በወጉ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። በሆላንድ በ1944 እና 45 በደረሰው ረሃብ ወቅት በማኅፀን የነበሩ ሰዎች ኋላ ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው የደም ስኳርን በአግባቡ ለመቆጣጠር ይቸገር እንደነበር ተመዝግቧል። በእኛም አገር በሰባ ሰባቱ ድርቅ የተወለዱት ዛሬ አርባን ተሻግረዋል፤ ክብደታቸው ምንም ቢያንስ የደም ስኳራቸውን ቢለኩ መልካም ነው። ምግብ ሳይበሉ 8 ሰዓት ከቆዩ በኋላ በሚደረግ ምርመራ 126 እና ከዚያ በላይ ሚሊግራም በዴሲሊትር ከተገኘ፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል። ቀጭኑን ታማሚ «ምግብ ቀንስ» ብሎ መምከር ደግሞ በስህተት ላይ ስህተት ነው፤ እርሱ የሚያስፈልገው የተመጣጠነ በቂ ምግብና ሐኪም በጥንቃቄ የለካው ኢንሱሊን ነው። ጎተራው በሚጎድልበት በክረምት ወራት ምግብ ሳያገኝ ኢንሱሊኑን እንደወትሮው ቢወጋ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ስለሚችል፣ የቤቱን የምግብ ሁኔታ ለሐኪሙ መደበቅ አይገባውም።

የጾምን ምግብ ሁሉ ለጤና የሚበጅ አድርጎ ማሰብ

ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭና ጥራጥሬ በማእዳችን ስለሚበዛ የጾም ገበታ መልካም መሠረት አለው። ይሁን እንጂ እንጀራም ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ስታርች ነው፤ ጤፍ መሆኑ ብዛቱን አይሰርዝም። በከተማ ጾም ማለት ማካሮኒ፣ ሩዝ፣ ድንችና ስኳር የበዛበት ሻይ እየሆነ ሲመጣ፣ በዘሩ ቆሽቱ የደከመ ሰው በሁዳዴም ስኳሩ ይጨምራል። ዘይቱም ይታይ፤ በኑግ ዘይት ውስጥ የሚበዛው የማይረጋው ስብ ሲሆን፣ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን ከስቡ ግማሽ ያህሉ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚጨምር ነው።

በዘረ መል ምርመራ የምግብ ዝርዝር መግዛት

ምራቅን ልኮ «ለዘርዎ የሚስማማ ምግብ» የሚነገርበት አገልግሎት በውጭ አገር ገበያ ከወጣ ቆይቷል፤ ዘመድ ከባሕር ማዶ ሲመጣም ይዞት ይገባል። በ2018 በታተመ ጥናት 609 ሰዎች ለአንድ ዓመት ግማሾቹ ስብ፣ ግማሾቹ ስታርችና ስኳር የቀነሰ ምግብ እንዲበሉ ተደርጎ፣ ዘረ መላቸው ለየትኛው እንደሚስማማ የተገመተው ግምት በክብደታቸው መቀነስ ላይ ምንም ልዩነት አላመጣም። በዚያ ላይ የእነዚህ ምርመራዎች መነሻ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ዘረ መል ነው። አዋቂ ሰው ወተት እንዲስማማው የሚያደርገው የአውሮፓውያኑ ልዩነት በኢትዮጵያውያን ላይ እምብዛም አይገኝም፤ የእኛ አገር ሰው ወተት የሚፈጭባቸው ሌሎች ልዩነቶች አሉት። ያንን የማያውቅ ምርመራ ከልጅነቱ ጀምሮ ወተት ሲጠጣ ለኖረ የቋራ ከብት አርቢ «ወተት አይስማማዎትም» ሊለው ይችላል።

ዘር በእርግጥ የሚበረታበትን መዘንጋት

በምግብ ብቻ የማይመለስም አለ። በቤተሰብ የሚወረሰው ከባድ የኮሌስትሮል መብዛት ከ250 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ቅቤና ሥጋ ማቆም ቢረዳም መድኃኒቱን አይተካውም። ኢንሱሊን የሚወስድ ታማሚም አብሽ ጠጥቶ ወይም ጸበል ገብቶ መርፌውን ማቋረጥ የለበትም፤ ጸበሉን ከመርፌው ጋር አብሮ ማስኬድ ይችላል።

የቤተሰብን ታሪክ መደበቅ

ሐኪም ፊት «በዘራችን በሽታ የለም» ማለት ክብር የሚመስላቸው አሉ። ከዚህ ይልቅ ማን እንደታመመ፣ በስንት ዓመቱ እንደጀመረው፣ ያኔ ቀጭን ወይም ወፍራም እንደነበር፣ በክኒን ወይም በመርፌ እንደታከመ፣ በእርግዝናዋ ወቅት ስኳር የታየባት እናት ወይም አክስት እንዳለች፣ በድንገት የሞተ ዘመድ ካለም ዕድሜውን አስቀድሞ ከታላላቆች ጠይቆ መሄድ ይገባል። ከእነዚህ ጋር የታመመው ዘመድ የኖረው ገጠር ይሁን ከተማ፣ ምን ይበላና ምን ይሠራ እንደነበር መንገሩ፣ በቤቱ የተወራረሰው ዘሩ ይሁን ማእዱ ሐኪሙ እንዲለይ ይረዳዋል።