እናትን ይዞ ወደ ሮም፦ በቅዳሜና እሁድ ጉብኝት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እናት ከአገር ቤት ለጥየቃ መጥተው ሦስት ወር ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጠው ሲመለሱ ያሳዝናል። ጀርመንም ስዊድንም ሆላንድም የሚኖር ልጅ አንድ ቅዳሜና እሁድ ቆርጦ የቆየ ከተማ ሊያሳያቸው ቢፈልግ፣ የእኔ ምርጫ ሮም ናት። ለእኛ እናቶች ሮም ባዕድ አይደለችም። ጴጥሮስና ጳውሎስ የተሰዉባት፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠባት፣ የአክሱም ሐውልት ተወስዶ የቆመባት ከተማ ናት። ግን ሁለት ቀን ያጥራል። በሰባ ዓመት ጉልበት ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ስለዚህ ጉዞው ለከተማዋ ዝርዝር ሳይሆን ለእናት ተብሎ መታቀድ አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው። ዓመተ ምህረቶቹ ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልቸር አለመጠየቅ

«ዊልቸር? ምን ሆኜ?» ብዙ እናቶች የሚሉት ይህን ነው። ልጅም ደስ እንዲላቸው ብሎ ይተወዋል። ከዚያ በየአየር ማረፊያው ኮሪደር እግራቸው ያልቅና ከተማዋን ገና ሳያዩ ይደክማሉ። በአውሮፓ ሕብረት ሕግ መሠረት፣ መንቀሳቀስ የሚከብደው መንገደኛ በአየር ማረፊያ ያለ ክፍያ እርዳታ ያገኛል። ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ብቻ ነው። ለእናት ሲያስረዱ «ስለደከመሽ ነው» አይበሉ። «ሰልፍ እንዳንቆም ነው» ይበሉ። ይሄ ይሠራል፤ ደግሞም እውነት ነው።

የደምና የስኳር መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ይያዝ። ፓስፖርታቸውም እንዳይረሳ። ሸንገን ውስጥ ነው የምንጓዘው ብሎ ቤት የሚተው ሰው አለ፤ ሆቴሉም ሆነ አየር መንገዱ መጠየቁ አይቀርም።

በትኬት ላይ ስም እንደመጣ መጻፍ

የኮሎሴዩም (የጥንቱ የሮም ስታዲየም) ትኬት የሰው ስም የሚጻፍበት ነው፤ በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያስተያዩታል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ብዙ ልጆች የራሳቸውን የአባት ስም ይሞሉላቸዋል። የእናትዎ የአባት ስም ግን ሌላ ነው። ፓስፖርታቸውን ከፊት አስቀምጠው ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ትኬቱ የሚከፈተው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን ቀድሞ ሲሆን የቅዳሜ ጠዋት ሰዓቶች ቶሎ ያልቃሉ። ያው ትኬት አጠገቡ ያሉትን የጥንት ፍርስራሾች፣ ፎረምንና ፓላቲኖ ኮረብታንም ያስገባል፤ ሁለቱ ግን ዳገትና ጠጠር ናቸውና ካልቻሉ ይለፏቸው። ኮሎሴዩም ውስጥ ሊፍት አለ። ሠራተኞቹን ይጠይቁ፣ ያሳዩዎታል።

ሁሉንም ለማየት መሯሯጥ

የብዙዎቻችን ችግር እዚህ ላይ ነው። «እዚህ ድረስ መጥተንማ ሳናየው አንሄድም» እንላለን። በአንድ ቀን ኮሎሴዩም፣ ፓንቴዎን፣ ትሬቪ ፏፏቴ፣ የስፔን ደረጃዎች፣ ከዚያ ማታ ትራስቴቬሬ። እናት ይከተላሉ፣ ምንም አይሉም። በማግስቱ ጠዋት ግን ጉልበታቸውን ይዘው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ያገኟቸዋል።

ለቀን ሁለት ትልልቅ ነገር ይበቃል፤ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከእረፍት በኋላ አመሻሽ ላይ። በሁለት ቀን ጉዞ እናትን ይዤ የቫቲካን ሙዚየም አልገባም። እሁድ ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሁድ በነጻ ይከፈታል፤ በዚያ ቀን ግን ሰልፉ አያድርስ ነው። የሙዚየሙ ዋና መስህብ ወደሆነው ሲስቲን ቻፕል የሚደረሰው ደግሞ ረጅም ኮሪደር ካለፉ በኋላ ነው። በምትኩ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግቢያው ነጻ ነው፤ ፍተሻ ብቻ አለው። ማልደው ይሂዱ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ነጠላ ለለበሱ እናት ይሄ ምንም አይደለም፣ ችግር የሚገጥመው ቁምጣ የለበሰው ልጅ ነው። እንደገቡ በስተቀኝ የማይክል አንጄሎ ፒዬታ አለች፤ የሞተ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠች እናት። እዚያ አይቸኩሉ። ማብራሪያም አያስፈልግም። ጉልላቱን ይተዉት፤ 551 ደረጃ ነው፣ ሊፍት ቢይዙ እንኳ ከጣሪያው በኋላ 320 ይቀራል።

«ደከመሽ?» ብሎ መጠየቅ

መልሱ ይታወቃል፤ «ኧረ አልደከመኝም፣ ሂዱ ሂዱ»። እናት ልጃቸውን ማስቸገር አይፈልጉም። ይልቅ አካሄዳቸውን ይመልከቱ። ወሬ ሲያቆሙ፣ ግድግዳ ሲደገፉ፣ የቆሙበትን ቦታ ሳያዩ መቀመጫ ሲፈልጉ ደክሟቸዋል ማለት ነው። ያኔ «እኔ ደከመኝ፣ እንረፍ» ማለት ከየትኛውም ጥያቄ ይሻላል።

የት ይረፉ? የስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ቅጣቱ 250 ዩሮና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ጥሩው ማረፊያ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሮም ውስጥ በየመንገዱ አለ፤ ነጻ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አግዳሚ አለው። ትንንሾቹ ብዙዎቹ ከቀትር በኋላ ለጥቂት ሰዓት ይዘጋሉ፤ ትልልቆቹ ባሲሊካዎች ግን ክፍት ናቸው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መግባት የሚከብዳቸው እናቶች አሉና አስቀድመው ይጠይቋቸው። ገብተው ጫማ ሊያወልቁ ጎንበስ ካሉም ይተዉአቸው፤ ማንም አይቆጣም።

ጫማን ካነሳን፦ የሮም መንገድ በትንንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ ይንሸራተታል፣ ያደናቅፋል። ለጉዞው ተብሎ የተገዛ አዲስ ጫማ ይቅር። እግራቸው የለመደው ይሁን። ውሃ አይግዙ፤ በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ። ሁሌም ይፈሳሉ፣ ውሃቸውም ንጹሕ ነው።

ፓስታ ነው ብሎ ማዘዝ

ፓስታና ማኪያቶ ለእናቶቻችን አዲስ አይደሉም። «ጣሊያን አገር ምግብ አያስቸግርም» የምንለውም ለዚህ ነው። ግን የሮም ዝነኛ ፓስታዎች አብዛኞቹ የአሳማ ሥጋ አላቸው። ካርቦናራ አለው፣ ግሪቻ አለው። አማትሪቻና ደግሞ ሲያዩት የቲማቲም ስልስ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ ተከትፎ አለበት። እናትዎ ኦርቶዶክስም ይሁኑ ሙስሊም፣ በልተው ከጨረሱ በኋላ ቢያውቁት ጉዞው ሁሉ ይበላሻል። «ፖሞዶሮ» ብለው ያዝዙ፤ ይሄ ቲማቲም ብቻ ነው።

ጾም ከሆነ ፒዛ ማሪናራ አለ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት፤ አይብ የለውም። በድሮው የአይሁድ ሰፈር ካርቾፊ አላ ጁዲያ ይሠራል፤ በዘይት የተጠበሰ አርቲቾክ ነው፣ ጠርዙ እንደ ቺፕስ ይንኮሻኮሻል። እዚያ ያሉት የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የሚሠሩ) ምግብ ቤቶች አሳማ ስለማይሠሩ ልብ ያሳርፋሉ። ግን አርብ ማታና ቅዳሜ ቀን ይዘጋሉ። እሁድ ላይ እናት እንጀራ እንጀራ ካላቸው ደግሞ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ቡና ቆሞ መጠጣት ርካሽ ነው። ተቀምጠው ሲጠጡ ዋጋው ይጨምራል። ይክፈሉ፤ እናት ቆመው ቡና አይጠጡም።

ዋጋውን በብር እያሰሉ መንገር

«ስንት ነው ይሄ በእኛ ብር?» ይጠየቃሉ። እውነቱን የሰሙ እናት ግማሹን ምግብ ሳይበሉ ይተዋሉ። የቀረውን ቀን ሁሉ «ይሄ ለእገሌ ልጅ የትምህርት ቤት ይሆን ነበር» እያሉ ይከርማሉ። መዋሸት አያስፈልግም። የቻሉትን ሁሉ ከቤት ሳሉ ይክፈሉ፦ ሆቴል፣ ትኬት፣ ባቡር። ሲጠይቁዎት «ተከፍሏል» ማለት ይችላሉ። ሆቴሉ ሊፍት እንዳለውም ያኔውኑ ያረጋግጡ፤ አሮጌ ሕንጻ ስለሚበዛ አራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚያስወጡ ማደሪያዎች አሉ።

የእኛን ታሪክ ዘሎ ማለፍ

እኔን ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄኛው ነው። ሰው እናቱን ትሬቪ ወስዶ ሳንቲም ያስወረውራል፣ የእኛን ግን ሳያሳያቸው ይመለሳል።

ከኮሎሴዩም አጠገብ የቆንስጣንጢኖስ ቅስት አለ። የ1960 ኦሎምፒክ ማራቶን ያለቀው እዚያ ነው። ቀኑ በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። አበበ በጨለማ፣ በችቦ ብርሃን፣ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ቅስቱን ለማየት ትኬት አያስፈልግም። ከዚያ በሜትሮ አንድ ፌርማታ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይገኛል። ከ1937 ጀምሮ የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ፣ ዛሬ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንጻ ፊት ነበር። አበበም ሊጨርስ ሲል ተፈትልኮ የወጣው በሐውልቱ አጠገብ ነው። ሐውልቱ በ2005 አክሱም ገባ፣ በ2008 ዳግም ቆመ። ዛሬ አደባባዩ ላይ እሱ የለም፤ ቢሆንም ያሳዩአቸው። የጣሊያንን ወረራ ከወላጆቻቸው አፍ የሰሙ ናቸው፤ የሚነግሩዎት ነገር ይኖራቸዋል። ተርሚኒ ፊት ያለው «የአምስት መቶዎቹ» አደባባይም ስሙን ያገኘው በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ከደመሰሷቸው ወታደሮች ነው።

ከተርሚኒ በእግር ቅርብ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የምትባል ባሲሊካ አለች። በግራ በኩል ባለው ትልቅ ጸሎት ቤት፣ እጇን አመሳቅላ ልጇን የታቀፈች ጥንታዊት የማርያም ሥዕል ከፍ ብላ ትታያለች። እናቴ ቀና ብላ አይታ «ይቺማ የኛዋ ናት» አለች። አልተሳሳተችም። የዚህች ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በኩል ኢትዮጵያ ደርሶ፣ ሠዓሊዎቻችን የማርያምን ሥዕል ሲሥሉ አርአያ አድርገውታል። ዳዊት ለሚደግሙ እናት ደግሞ ይህን ይንገሯቸው፦ በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ መዝሙረ ዳዊት ነው፤ የታተመውም ሮም ውስጥ በ1513 ነው። አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዙን የተማረው ከእኛው መነኮሳት ነው። መነኮሳቱ ይኖሩበት የነበረው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ዛሬም አለ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ ግን እንደልብ አይገባበትም።

64 ቁጥር አውቶቡስና የአንገት ወርቅ

ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው። ወርቁ ቤት ይቅር፣ ቦርሳው ከፊት ይሁን። «ስጦታ ነው» እያለ እጃቸው ላይ ክር ሊያስር የሚመጣ ካለ ዝም ብለው ይለፉ።

የእሁድን ማታ የመጨረሻ በረራ መያዝ

ሙሉ ቀን እናተርፋለን ብለን የምንይዘው በረራ፣ ከሆቴል ወጥተን ሻንጣ እየጎተትን የምንውልበት ቀን ይሆናል። ቢዘገይ ደግሞ እናት ሌሊት ወንበር ላይ ናቸው። አመሻሽ ላይ ያለውን ይያዙ። ከተርሚኒ ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ በሌዎናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር 32 ደቂቃ ነው። ባቡሩ የሚነሳበት መስመር ግን ከጣቢያው መግቢያ ራቅ ይላል፤ ለእናት እርምጃ የሚበቃ ሰዓት ይተዉ። ሰኞን ፈቃድ መውሰድ ከቻሉ በረራውን ወደ ሰኞ ቀን ያዛውሩት።