ዘጌን በቡድን በእግር ለመጎብኘት

ከባሕር ዳር ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው የዘጌ ልሳነ ምድር ለመሄድ መስከረምን ምረጡ። አደይ አበባ የሚፈካው ያኔ ነው፤ ሆኖም ጥቅጥቅ ካለው የቡና ጫካ ውስጥ አትፈልጉት። ፀሐይ ስለሚወድ የሚገኘው በማሳ ዳርና በገላጣ ቦታ ነው።

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጫጫታው ወፉን ያባርራል። መንገድ የሚያውቀው ከፊት፣ ታጋሽ የሆነ ሰው ደግሞ ከኋላ ይሁን። ለእያንዳንዱ 2 ሊትር ውኃ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ጫማና ምርኩዝ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ዝናብ ባረጠበው ጭቃ ቁልቁል ሲወርድ ነው፤ እርምጃን ማሳጠር ይረዳል።

ጀልባው ከጠዋቱ 12:30 ይነሣ፤ መንገዱ 1 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሐይቁን ስለሚያናውጥ መልሱን እስከ 8 ሰዓት ጨርሱት። ደሴቶቹ ደህና አድርገው የሚታዩት ከጀልባው ነው፤ ጫካው ውስጥ ሐይቁ በዛፎች መካከል ብልጭ እያለ ይጠፋል።

ራሱ ነጭ የሆነውን አሣ አዳኝ ንስር በሐይቁ ዳር ዳር ባሉ ረጃጅም ዛፎች ላይ ፈልጉት። በጫካው ውስጥ ከላያችሁ ከባድ የክንፍ ድምፅ ከሰማችሁ ቁሙ፤ መንቁሩ ላይ ቀንድ መሳይ ጉብታ ያለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ሊሆን ይችላል። እንዴት ያምራል! 8 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ይበቃል።

ዘጌ ላይ ያለው ገዳም ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ጫማ ይወልቃል፤ ሴቶች ነጠላ ይያዙ። የደሴቱ ገዳም ክብራን ገብርኤል ግን ሴቶችን አያስገባም፤ ይህን ጉዞው ሳይጀመር ተናገሩ።