ሰው ሠራሽ የሞተር ድምፅን እንዴት መለየትና መቀነስ ይቻላል?

በዘመናዊ መኪና ውስጥ የሚሰሙት የሞተር ድምፅ በከፊል ከስፒከር የሚወጣ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙርና የነዳጅ ፔዳሉን አቀማመጥ እያነበበ ከእነርሱ ጋር የሚስማማ ድምፅ ያሰማል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ኤም 5 መኪናው ይህን በስፒከሮቹ በኩል አድርጎታል፤ ፎልክስቫገን ደግሞ በአንዳንድ ሞዴሎቹ የፊት መስታወቱ ሥር እየተንቀጠቀጠች ድምፅ የምታሰማ ትንሽ መሣሪያ ገጥሟል።

ለመለየት መኪናውን ገላጣ ቦታ ላይ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹንም ዜሮ ላይ ያድርጉ። ከዚያም የሞተሩን ዙር ሳይለውጡ የአነዳድ ስልቱን ከምቾት ወደ ስፖርት ይቀይሩና ጆሮዎን ወደ በሩ ስፒከር ያስጠጉ፤ ረዳትዎም ከመኪናው ጎን ቆሞ ያዳምጥ። ውስጥ ድምፁ ወፍሮ ውጭ ካልተለወጠ፣ የተጨመረው ድምፅ ሰው ሠራሽ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ውጭም ከተለወጠ ግን የጭስ ማውጫው ቫልቭ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ለመደምደም አይቸኩሉ።

ለመቀነስ በመጀመሪያ የመኪናውን የድምፅ ወይም የአነዳድ ቅንብር ይፈትሹ፤ የሬዲዮውን ድምፅ ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ ለውጥ አያመጣም። የስፒከሮቹን ማጉያ (አምፕሊፋየር) ፊውዝ መንቀልን ፈጽሞ አልመክርም፤ መኪናውን ሲያቆሙ እንቅፋት መቅረቡን የሚነግረው የማስጠንቀቂያ ድምፅም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ወደ ውጭ የሚያሰማውን ድምፅ ግን በምንም መንገድ አይንኩ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 ጀምሮ አዲስ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄዱ) መኪኖች ሁሉ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስና ወደ ኋላ ሲሄዱ እንዲያሰሙት በሕግ ይገደዳሉ፤ ማየት የተሳነው እግረኛ መንገድ ሲያቋርጥ መኪናው መቅረቡን የሚያውቀው በዚህ ድምፅ ነው።