ፒያኖን በአምባሰልና በባቲ ማስጀመር

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለልጆች ፒያኖ የሚያስተምር ሰው ሌላ አገር ያለ መምህር የማያገኘው ዕድል አለው። ተማሪው ገና ቁልፍ ሳይነካ አምባሰልና ባቲ የሚባሉትን ቅኝቶች ጆሮው ውስጥ ይዞ ይመጣል። ከውጭ የሚመጡት የጀማሪ መጻሕፍት ግን ይህን አያውቁም። ልጁ የማያውቀውን ዜማ፣ የማያውቀውን ኖታና የማያውቀውን የእጅ አያያዝ በአንድ ቀን ያሸክሙታል፤ ብዙም ሳይቆይ ይሰለቻል። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ጣትን፣ ኖታንና ፔዳልን ክላሲካል ሙዚቃ በሚፈልገው ጥንቃቄ እያስተማረ ዜማውን ልጁ ከሚያውቀው ይወስዳል።

መሣሪያውና አቀማመጡ

88 ክብደት ያላቸው ቁልፎች የያዘ ዲጂታል ፒያኖ ቢገኝ ጥሩ ነው። ካልተገኘ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ቁልፉ ግን እንደ አመታቱ ድምፁን የሚያጎላና የሚያለዝብ መሆን አለበት፤ ይህ የሌለውን አይግዙ። ለስላሳውም ኃይለኛውም አመታት አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጠው ልጅ፣ ኋላ እውነተኛ ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ጣቱን መግራት ያቅተዋል። መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን ከሶኬት ይንቀሉ፤ አስማሚውን የሚያቃጥለው መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው።

የእንጨት ፒያኖ ካለ ከመስኮትና ከውጭ ግድግዳ ያርቁት። በክረምት የደሴ ጉም እንጨቱን ያሳብጠዋል፤ ቁልፍ ይይዛል፣ ቃናው ይወጣል። በበጋ ደግሞ ደርቆ ይወርዳል። ስለዚህ የሚቃኘው ክረምቱ ወጥቶ አየሩ ከተረጋጋ በኋላ ነው።

ልጁ ሲቀመጥ ክርኑ ከቁልፎቹ ጋር እኩል ይሁን። እግሩ መሬት ካልደረሰ ሣጥን ያስቀምጡለት፤ እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ትከሻውን ያነሣል፣ ትከሻ ሲነሣ ደግሞ አንጓ ይደርቃል። በደሴ ብርድ ጠዋት የሚለማመድ ተማሪ መጀመሪያ እጁን ያሙቅ።

የመጀመሪያው ቀን፦ ጥቁሮቹ ብቻ

ጥቁር ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት እየሆኑ ተደርድረዋል። ከሦስቱ የግራውን ያሳዩትና «ቤትህ ይህ ነው» ይበሉት። ከዚያ ተነሥቶ በጥቁሮቹ ላይ ብቻ ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚሰማው ትዝታ ሜጀር ነው። እንዳሻው ይጫወት፤ የሚሳሳትበት ቁልፍ የለም። ቀጥሎ ቤቱን ከሁለቱ ወደ ቀኙ ያዛውሩት። ቁልፎቹ እነዚያው ናቸው፤ የሚሰማው ግን ባቲ ማይነር ነው። ልጁ ይህን በራሱ ጆሮ ሲሰማ ቅኝት ማለት የድምፅ ስብስብ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዜማው የሚያርፍበት ቦታም እንደሆነ ይገባዋል። ይህ ነገር እስኪገባው ወደ ነጮቹ አይሂዱ።

ነጮቹ ላይ

ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ባቲን ሲጫወቱ ፋን በግማሽ ድምፅ የሚያወጡም አሉ፤ ለጀማሪ አንዱን መርጠው በዚያው ይቆዩ። አምባሰልን በመጻሕፍት ከዶ ተነሥቶ ከፍላቶች (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካሉ ድምፆች) ጋር ያገኙታል፤ ለልጅ ግን ከሚ ቢያስነሡት ይሻላል፦ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ሁሉም ነጭ ነው።

ለጣት አንድ ሕግ ይበቃል፦ ሰፊውን ዝላይ አውራ ጣት ይሻገረው። አውራ ጣት 1፣ ትንሿ 5 ብለን ስንቆጥር (ስድስተኛው ቁጥር ከላይ የሚደገመው ቤት ነው)፣ ቀኝ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ ትዝታ 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2፣ 1 ይሆናል። አምባሰል 1፣ 2፣ 1፣ 2፣ 3፣ 1። ባቲ 2፣ 1፣ 2፣ 3፣ 1፣ 2። ግራ እጅ ሲወጣ ትዝታ 3፣ 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 3፤ አምባሰል 2፣ 1፣ 3፣ 2፣ 1፣ 2፤ ባቲ 1፣ 3፣ 2፣ 1፣ 2፣ 1። ሲወርዱ በዚያው ቁጥር ይመለሳሉ።

የሚበላሸው አምባሰል ላይ ፋ በ2 ተይዞ አውራ ጣት ላ ላይ ሲሻገር ነው። እዚህ ላይ ልጁን ከጎኑ ሆነው ይዩት። አውራ ጣቱ በመዳፉ ሥር አስቀድሞ ካልተንቀሳቀሰ ክርኑ ወደ ውጭ ይወረወራል፣ ላም ከሌሎቹ ጎልታ ትጮኻለች። መድኃኒቱ ፋን ይዞ መቆየት ነው፤ ፋ እንደተያዘች አውራ ጣት ድምፅ ሳያሰማ ላ ላይ ይረፍ፣ ከዚያ ይጫን። ይህ አሥር ጊዜ በዝግታ ይደገም። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ምት ላይ ጀምረው፣ ሦስት ጊዜ ያለ ስሕተት ካለፈ በኋላ ብቻ 4 ይጨምሩ። በየቀኑ 20 ደቂቃ የሚለማመድ ልጅ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ከሚቀመጠው ይቀድማል።

ግራ እጅ ቅኝቱን እንዳያጠፋው

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ኪቦርድ የለመደ ተማሪ ዜማ ሲሰማ ወዲያው የዶ፣ የፋና የሶል ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ይፈልጋል። የሶል ኮርድ ውስጥ ግን ሲ አለች፤ ትዝታ ሜጀር ሲ የላትም። የፋ ኮርድም ፋን ይዞ ይገባል። ዜማው ሳይነካ ቅኝቱ ይደበዝዛል።

ለጀማሪ ግራ እጅ ቤቱንና አምስተኛውን ብቻ ይያዝ፦ ለትዝታና ለባቲ ዶና ሶል፣ ለአምባሰል ሚና ሲ። አምባሰል ላይ ላና ሚን ከያዘ ነገሩ ይገለበጣል። ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ትዝታ ማይነር ነው፤ የአምባሰል ድምፆች እነዚያው ናቸው። ቀኝ እጅ ምንም ሳይቀይር አድማጩ ትዝታ ይሰማል። ተማሪው አምባሰሉን ጨርሶ ላ ላይ የሚያርፍ ከሆነም ይህንኑ ስሕተት ነው የሠራው፤ ዜማውን ያስዘምሩትና የት እንደሚያርፍ በድምፁ ያሳይዎት።

አራተኛውን ቅኝት፣ አንቺሆዬን፣ ወደ ኋላ ያቆዩት። ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ ነው፤ ጥቁሩ አንድ ብቻ። ይህ ቅኝት ትክክለኛ አምስተኛ ስለሌለው ግራ እጅ ሲን ብቻ፣ ወይም ሲን በኦክታቭ (ከቀጣዩዋ ሲ ጋር) ይያዝ።

ጌጥና ፔዳል

የማሲንቆና የዘፋኝ ድምፅ ይንሸራተታል፤ የፒያኖ ቁልፍ አይንሸራተትም። መንሸራተቱን የሚተካው ከዋናው ድምፅ በፊት በፍጥነት የሚነካ አጭር ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ከቅኝቱ ውስጥ ይወሰድ፦ አምባሰል ላይ ከሚ በፊት ፋ፣ ባቲ ላይ ከዶ በፊት ሲ። ክብደቱ ሁልጊዜ ዋናው ላይ ይረፍ። ለምሳሌ የመነኩሲቷን ፒያኒስት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ቅጂዎች ያሰሟቸው። እማሆይ በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ተምረው፣ በወጣትነታቸው አምባሰል በተባለው የወሎ አካባቢ ባለው ግሸን ማርያም ገዳም 10 ዓመት ያህል የቆዩ ናቸው። ተማሪው መጀመሪያ ጌጡን ሳይሆን ጌጡ የሚያርፍበትን ድምፅ በእርሳስ ያመልክት፤ በዚያ መንገድ ሰምቶ መጻፍንም ይለማመዳል።

ድምፁን የሚያቆየው የእግር ፔዳል በእነዚህ ቅኝቶች አደገኛ ነው፤ ሚና ፋ፣ ሲና ዶ በአንድ ፔዳል ሲያዙ ይጨቀያሉ፣ ግራ እጅ ዝቅ ብሎ ከሆነ ይብሳል። አዲሱ ድምፅ ከተነካ በኋላ እግሩን አንሥቶ መልሶ ይጫን። ከዚያ በፊት አያንሣ፤ ድምፁ ይቆረጣል።

ወደ ክላሲካሉ፣ ወደ መድረክም

አራቱ ቅኝቶች በሁለት እጅ ሲጸኑ የሃንጋሪውን አቀናባሪ የቤላ ባርቶክን ሚክሮኮስሞስ ያስጀምሩ። በ6 ቅጽ 153 አጫጭር ቁራጮች የያዘ ነው፤ ባርቶክ ከገጠር ዘፈን ብዙ ስለተማረ ባለ አምስት ድምፅ ዜማ ለልጁ ባዕድ አይሆንበትም። የጀርመኑ አቀናባሪ ባኅ ከዚያ ይከተላል፤ ግራ እጅ የራሱን ዜማ ሲይዝ ልጁ ቤትን መለየት ስለለመደ መንገዱ አይጠፋበትም። ባኅን እየተማረም ቅኝቱን አያቋርጥ። በቡልጋሪያ ሶፊያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» የሚል የፒያኖ ሥራ አለው፤ ከፍ ላለ ተማሪ ጥሩ ግብ ነው።

ወላጆች ፊት ከማቅረብዎ በፊት ቁራጩ ላይ አራት ወይም አምስት መነሻ ቦታ ይምረጡ። ልጁ ከእያንዳንዳቸው ያለ ኖታ መነሣት ይቻል። ከመጀመሪያው ብቻ መነሣት የሚችል ተማሪ መሃል ላይ ሲጠፋበት ሁሉም ይጠፋበታል። አዳራሹ ውስጥ ያለውን መሣሪያ በዋዜማው ያስነኩት፤ የሚይዝ ቁልፍ ካለ ያኔ ይታወቃል፣ ዜማውንም አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ለማዛወር ጊዜ ይኖራል።