«ስቴንለስ» ብሎን ለምን ይዝጋል?

«ስቴንለስ ነው፣ አይዝግም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። የተሰበረ አጥንት የሚታሰርበት ፕሌት (ዝርግ ብረት) እና ብሎን ብዙ ጊዜ 316ኤል ከሚባል የስቴንለስ ስቲል ዓይነት ይሠራል። በውስጡ ከ17 እስከ 19 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለ። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ የጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ ያበጃል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ስስ ቆዳ ነው። ስለዚህ ዝገት ሲታይ የኔ የመጀመሪያ ጥያቄ «ቆዳውን ምን ነካው?» ነው።

የቀዶ ሕክምና ብሎኖች ሳጥን ውስጥ ቡናማ ነጥብ ታየ
መጀመሪያ ላጲስ አምጡ። አዎ፣ የተማሪ ላጲስ። ነጥቡን እሹት። ለቆ ከሥሩ ለስላሳ ብረት ከወጣ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ እድፍ ነው። አንድ ጊዜ «ብሎኑ ሁሉ ዛገ» ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ጥፋተኛው ብሎኑ አልነበረም። አብሮ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) የገባ፣ መጋጠሚያው የዛገ አሮጌ መቀስ ነው ያጋባበት። የዛገውን ዕቃ አውጡና ሳጥኑን እንደገና አጥባችሁ አምክኑ። በላጲስ የሞከራችሁበትን ብሎን ግን አትመልሱት።

ላጲሱ አላስለቀቀውም፣ ከሥሩ ጉድጓድ አለ
ይሄ የምር ዝገት ነው። ዋናው ተጠርጣሪ ክሎራይድ ነው፤ እኛ ጋ በረኪና ማለት ነው። 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ ብዙዎቻችን የተማርነው ነው። ሥራ ሲበዛ ግን 10 ደቂቃው አንዳንዴ ሌሊቱን ሙሉ ይሆናል። ኖርማል ሳላይን (የሕክምና ጨው ውሃ) ውስጥ ማቆየትም ያው ነው። ክሎራይዱ ቆዳውን በነጥብ ይበሳል። ቀዳዳው ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወደ ታች መቆፈር ነው። በጣም የሚጎዳው ደግሞ ማንም ያልተጠቀመበት ብሎን ነው። የሚፈለገው ርዝመት ስላልሆነ ሳጥኑ ውስጥ ይቀራል፣ በየቀዶ ሕክምናው ከሌላው ጋር ይታጠባል።

በረኪናውን ተዉት። ለሕክምና መሣሪያ የተሠራ ሳሙና ተጠቀሙ፣ በተጣራ ውሃ አለቅልቁ፣ ወዲያው አድርቁ። ጉድጓድ ያለውን ጣሉ። ወልውሎ መመለስ የለም፤ ከጉድጓዱ ነው ስብራት የሚጀምረው።

ዝገቱ የተጻፈው ቁጥር ላይ ብቻ ነው
ይሄ የፋብሪካ ጥፋት ነው። ቁጥሩ የሚጻፈው በሌዘር ነው፤ የሌዘሩ ሙቀት የፊደሉን ዙሪያ ቆዳ ያበላሻል። ከጽሑፉ በኋላ ብረቱ በአሲድ ተጠርቶ፣ ብዙ ጊዜ በናይትሪክ አሲድ፣ ቆዳውን መልሶ ማብቀል ነበረበት። የምርት ቁጥሩን መዝግባችሁ ለአቅራቢው መልሱ። አሲዱን ራሳችሁ ለመሞከር እንዳታስቡ።

በጭረት መስመር የተከተለ ዝገት
የድስት ሽቦ። ብናኙ ብረት ላይ ተሰክቶ እሱ ራሱ ይዝጋል። ለስላሳ የናይለን ብሩሽ ይበቃል።

ባለቀለም ቲታኒየም ደበዘዘ
ዝገት አይደለም። ሰማያዊውም ወርቃማውም የተቀባ ቀለም አይደለም፤ የኦክሳይዱ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደው ስስ ቆዳ) ውፍረት ብርሃኑን የሚያጫውተው ነው። ኃይለኛ አልካላይን ሳሙና ያደበዝዘዋል። አደጋው ሌላ ነው፦ መጠን በቀለም የሚለይ ከሆነ ብሎን ይሳሳታል። በቀለሙ ሳይሆን በመለኪያ ለዩት።

ከሰው የወጣ ፕሌት የብሎኑ ጭንቅላት ሥር ጠቁሯል
ብሎንና ፕሌት ሰውየው በተራመደ ቁጥር ይፋተጋሉ። ቆዳው ይላጣል፣ ይበቅላል፣ ደግሞ ይላጣል። ጠባብ ቦታ ስለሆነ ኦክስጅንም በደንብ አይደርስም። የቱንም ያህል ጥሩ ልባስ ይሁን፣ ይሄን ሙሉ በሙሉ አያቆመውም። ብሎኑ በልኩ መጥበቁን ማረጋገጥና አምራቹ ካልፈቀደ የስቲል ብሎን ቲታኒየም ፕሌት ላይ አለማሰር ግን ከእኛ እጅ አይወጣም።