የመጀመሪያው ኢሜይላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ

ባሕር ዳር ሆናችሁ በኦንላይን የምታስተምሩ፣ በየሳምንቱ የምትልኩት ኢሜይል ጂሜይል ውስጥ «ፕሮሞሽን» (የማስታወቂያ ክፍል) ወይም «ስፓም» (የማይፈለግ መልእክት ክፍል) ገብቶ እየቀረ ከሆነ ይህን ሞክሩ።

ተማሪው እንደተመዘገበ በሚደርሰው የመጀመሪያ ኢሜይል ላይ ዋጋና ማስታወቂያ አታስገቡ። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ «ለ12ኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጁ ይበልጥ የከበዳችሁ የቱ ነው? ሒሳብ፣ ፊዚክስ ወይስ እንግሊዝኛ? አንዷን ቃል ጽፋችሁ መልሱልኝ።»

ተማሪው መልስ ሲጽፍ ጂሜይል አድራሻችሁን እንደሚያውቀው ሰው መቁጠር ይጀምራል፤ ቀጣዩ ኢሜይል ዋናው ሳጥን ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይጨምራል። ዋስትና ግን አይደለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅም መልሱ ራሱ ነው። «ሒሳብ» ያሉትን ለይታችሁ መዝግቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ የተሠራ የሒሳብ ጥያቄ ላኩላቸው፣ የኮርሱን ሊንክ ከሥሩ አድርጉ። ሁሉም አንድ ዓይነት ኢሜይል ከሚደርሰው ይህ እጅግ ይሻላል።

የምትልኩበት አድራሻ መልስ የማይቀበል ከሆነ ዘዴው አይሠራም። ጽሑፉንም በፖስተር ምስል አትላኩት፤ ዘጌም ሆነ ጎርጎራ ያለ ተማሪ በሞባይል ዳታ ሲከፍተው ባዶ ሳጥን ሊያይ ይችላል። ርዝመቱንም ተጠንቀቁ፦ ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ይቆርጠዋል፣ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ስልት) 3 ባይት ይይዛል። ሲቆረጥ ከታች ያለው ከዝርዝር መውጫ ሊንክ ይደበቃል፤ መውጫ ያጣ ሰው «ስፓም» የሚለውን ይጫናል።

ለሚመጣው መልስ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት ካልቻላችሁ ግን ጥያቄውን አትጠይቁ።